በእኔ ፋንታ የመጣው ኮምፒውተር

ወንድሜ ሰይድ ኮምፒውተሩን ከደሴ ይዞ የመጣ ዕለት ሰቆጣ መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አውቶብሱ ጣሪያ ላይ፣ በሽንኩርት ጆንያና በጀሪካን መሀል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ትልቅ ነገር ይታየኛል። ሰይድ ከታች ሆኖ ረዳቱ ላይ ይጮሃል።

«ቀስ በል አቦ! ነፍሰ ጡር ናት!»

የዚያን ጊዜው ሞኒተር ኋላው ያበጠ ስለነበር እውነትም ነፍሰ ጡር ይመስላል። መንገደኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሰይድ ግን አቅፎ ከሳመኝ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ፓስፖርትሽ ወጥቷል። ከነገ ወዲያ አብረን እንወርዳለን» አለኝ።

ሳቄ እዚያው መናኸሪያው ላይ ቀረ።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት የቀሩት ነበር። እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። አባታችን፣ አባባ የምንላቸው፣ በሰቆጣ ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው በበቅሎ እያወጡ ይነግዱ ነበር። አማርኛውን፣ ኽምጣንጋውን፣ ትግርኛውን እንደ ገበያተኛው የሚያገላብጡ፣ ድምፃቸው ከሱቁ እስከ መስጊዱ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ሰይድ ኮምፒውተሩን ከማምጣቱ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ ከላይኛው መደርደሪያ የጨርቅ ጣቃ ሊያወርዱ መሰላል ላይ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪምም ወጌሻም አይቷቸው አጥንቱ ገጠመ። እሳቸው ግን እኔ ደግፌያቸው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ከማለት አላለፉም። እኔም ደሴ የጀመርኩትን የኮምፒውተር ትምህርት አቋርጬ መጣሁ። ሱቁን እከፍታለሁ፣ አበስላለሁ፣ አባባን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

ከሁሉ የከፋው ዳማ መተዋቸው ነበር። ድሮ ከአስር ሰዓት በኋላ ሱቃችን በር ላይ ሰሌዳ ተዘርግቶ በቆርኪ ሲጫወቱ ገበያተኛው ከብቦ ያያቸዋል። ከወደቁ በኋላ ጓደኞቻቸው ሰሌዳውን ይዘው አልጋቸው ድረስ መጡ። አባባ ሁለት ቀን በተከታታይ አሸነፉ። በሦስተኛው ቀን ቆርኪዎቹን በመዳፋቸው ሰብስበው ሰሌዳውን ገፉት።

«ይለቁልኛል» አሉኝ ሰዎቹ ሲወጡ። «እኔ ሁሴን፣ ሰው የሚለቅልኝ ሰው ሆንኩ?»

ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲመጣ የተኙ መምሰል ጀመሩ።

ሰይድ ደሴ ውስጥ ካሴትና ሲዲ በሚባዛበት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። እሱ የዘየደው እንዲህ ነበር። እኔ ዓረብ አገር ሄጄ እሠራለሁ፤ ሱቁ ይከራያል፤ አንዲት የጎረቤት ሴት ምግብ ታበስላለች። አባባን ቀን ቀን የሚያጫውታቸው ደግሞ ይህ ኮምፒውተር ነው። መንዙማም፣ የአራዊት ፊልምም፣ ጨዋታም ይኖረዋል። ወላሂ፣ በክፋት ያሰበው አልነበረም። የቻለውን ሁሉ ነው ያሰበው። ያላሰበው ነገር ቢኖር እኔን መጠየቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን አባባ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተከልነው። የሆነ የተዘጋ ቢሮ ዕቃ ነው፤ ነጭ የነበረው ፕላስቲክ የአሮጌ ጥርስ መልክ ይዟል። ሰይድ ሦስት ሲዲ አወጣ።

«አባባ፣ ይኼ ሳጥን ብቻውን ደንቆሮ ነው። ነፍስ የሚዘራበት ሶፍትዌር ይጫንበታል። እኔ ለሙከራ ሦስት ዓይነት ጭኜበታለሁ። ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ ግን አንዱን መርጠን ሌሎቹን እናጠፋለን።»

«አንተ የቱን ትላለህ?»

«ኤክስፒን። አዲሱ እሱ ነው፤ ፊልም ላይ የሚደርስበት የለም።»

«አንቺስ ከድጃ?»

እኔ ሊኑክስ አልኩ። ትምህርት ቤት አንድ መምህራችን አሳይቶን ወድጄው ነበር። ለደካማ ማሽን ይሆናል፣ ቫይረስም አይደፍረውም። ሦስተኛው ዊንዶውስ ዘጠና ስምንት ነው። ያኔም ያረጀ ነበር። ሰይድ ያመጣው አንዲት የዳማ ጨዋታ በሌሎቹ ላይ አልከፈት ስላለችው ብቻ ነው።

አባባ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «እንግዲህ አሳዩኝ» አሉ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የነጋዴ ዓይናቸውን አየሁት።

መጀመሪያ ኤክስፒ ተነሳ። አረንጓዴ መስክና ሰማያዊ ሰማይ ሲመጣ አባባ «ማሻአላህ፣ የክረምቱን የደሃና መስክ ይመስላል» አሉ። ፊልሙም ያምራል። ሆኖም የማሽኑ ጉልበት አልበቃውምና አንበሳው ሚዳቋዋን ሊይዝ ሲል ቀጥ አለ። ጠበቅን። አንበሳው አየር ላይ ነው። «ሚዳቋዋ እኮ ጋዝጊብላ ደረሰች» አሉ አባባ።

ሊኑክስን አስነሳሁ። ፈጠነ። መንዙማ ስከፍትበት ግን ድምፅ የለም። «ድምፁን ገና አላስተካከልኩትም፣ ጊዜ ይፈልጋል» አለ ሰይድ። የዳማዋ ጨዋታም አልከፈት አለች።

ዘጠና ስምንቱ መጣ። መልኩ ደብዛዛ ነው፣ ፊልሙን ግን አነሰም ደበዘዘም ሳያቆም አሳየ፤ መንዙማውም ተሰማ። ከዚያ ሰይድ ዳማውን ከፈተው። አባባ ሰሌዳውን አዩት። ማውሱን አስያዝኳቸው። አንድ ጠጠር ገፉ፣ ማሽኑ መለሰ። ሌላ ገፉ። ሱቅ ደንበኛ ጠርቶኝ ደርሼ ስመለስ ጨዋታው አልቋል።

«አሸነፈኝ!» አሉ አባባ። ፊታቸው በርቷል። «ሰይድ፣ አራት ጠጠር አከታትሎ በላኝ! ይኼ አያዝንም!»

ሰይድና እኔ ተያየን። እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባባ ግን ነጋዴ ናቸው።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ባይጠፋ ነው የሚሻለው» አለ ሰይድ።

«ሰቆጣ ነው ያለኸው፣ ልጄ። በቅሎ ሲገዛ ሜዳ ላይ አይፈተንም፤ ገደል ያሳዩታል። ንቀለው።»

«ምኑን?»

«ገመዱን። በርቶ ሳለ ንቀልና መልሰህ ሰካ። ማን እንዴት እንደሚነሳ ልይ።»

ሰይድ አንገራገረ። ግን የአባባን ድምፅ እንደዚያ ከሰማነው ስንት ጊዜ ሆነን! ነቀለው። ሦስቱንም በየተራ ፈተናቸው፤ ሊኑክስ ምንም እንዳልሆነ ተነሳ። ኤክስፒ እያዘገመ ተነሳ። ዘጠና ስምንቱ ሰማያዊ ገጽ አወጣና፣ በደንብ አልዘጋችሁኝም፣ ራሴን ልመርምር ብሎ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አባባ ፊታቸውን አጨማደዱ። ዳማው ያለው እዚህኛው ላይ ነው።

«ድገመው።»

«አባባ፣ ይበቃል።»

«የወደዱትን ነው አጥብቆ መፈተን። ንቀል!»

ነቀለ፣ ሰካ። ተነሳ። ደግሞ ነቀለ። በዚህኛው ጊዜ ማሽኑ ምርመራውን ገና አልጨረሰም ነበር። መልሶ ሲሰካው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረና አንዲት ነጭ የጽሑፍ መስመር ብቻ ወጣች። የምነሳበት ነገር አላገኘሁም ነው የምትለው። ሰይድ አጠፋ፣ አበራ። ያችው መስመር። ሦስቱም የሉም።

«አባባ! ምን አደረጉ! ስንት ቀን የደከምኩበትን!»

ሰይድ ወዲያው ደንግጦ የአባባን ጉልበት ሳመ፣ «አውፍ ይበሉኝ፣ ይስተካከላል፣ አብሽሩ» አለ። አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩና፣ «የነካሁት ሁሉ እየተሰበረ ነው» አሉ። ሰይድ ማሽኑን እስከ ምሽቱ የመግሪብ ሶላት ታገለው፤ አልሆነለትም።

ንጋት ላይ ቦርሳዬ በር ላይ ነበር። ሰይድ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል። አባባን ልሰናበት ገባሁ። እንደዞሩ ናቸው፤ ጀርባቸውን ብቻ አየሁ። ከፊታቸው ያ የሞተ ሳጥን አለ። በእኔ ፋንታ የሚቀመጥ የተባለው እሱ ነው።

ወጣሁና፣ «ሰይዶ፣ ይኼን ሳላስተካክል አልሄድም» አልኩት።

«አውቶብሱ ሊወጣ ነው እኮ!»

«ይውጣ። አስነስቼው፣ አባባን አስለምጄ እመጣለሁ።»

ሰይድ ሦስቱን ሲዲዎች ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረና፣ «በሚቀጥለው ሳምንት አውቶብስ። ከዚያ በላይ የሚልኩሽ ሰዎች አይጠብቁንም» አለኝ። ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

የዚያን ዕለት ሱቁን ዘግቼ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ትምህርት ቤት ሶፍትዌር ሲጫን አይቻለሁ፤ በእጄ ግን ጭኜ አላውቅም።

«አባባ፣ እንደ አዲስ ልጭን ነው። የቱን ላድርግልዎት?»

ከግድግዳው አልዞሩም።

ከሁሉ ጠንካራ ሆኖ የተገኘውን ሊኑክሱን ልጭን ብዬ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄደ አምፖሉ ደበዘዘና ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ተነሳ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁና እንባዬ መጣ።

«ወፍጮው ነው።»

ቀና አልኩ። አባባ እንደዞሩ ናቸው።

«ምን አሉኝ?»

«የጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ መብራቱ ይወርዳል። ዓመት ሙሉ ተኝቼ የምሰማው እሱን አይደል? ባለ ወፍጮው ለዙህር ሶላት ያቆመዋል፤ ሰግዶ ምሳውን በልቶ ነው የሚመለስ። ያኔ ጀምሪ።» ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ «ዳማው ያለበትን» አሉ።

«እሱ እኮ ነው ገደሉ ላይ የወደቀው፣ አባባ።»

ወደኔ ዞሩ። «እሱን እኔ ነኝ የጣልኩት። ቢወድቅም ደግሞ ተነስቶ ነበር፤ ሲነሳ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ። እኔስ ስነሳ ዝም እላለሁ? ጉልበተኛውን ምን ላድርገው፣ ከንግድ የወጣሁ ሰው። የሚያጫውተኝን አምጪልኝ።»

አዛን ተባለ፣ ወፍጮው ጸጥ አለ። ቢስሚላህ ብዬ የዘጠና ስምንቱን ሲዲ አስገባሁ። አባባን ደግፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ስክሪኑ ላይ ምን ያህል ደቂቃ እንደቀረ ይጻፋል። እሳቸው በየመሀሉ «ስንት ቀረው?» ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ ቁጥሩ መቀነሱን ትቶ ይቆማል፤ ያኔ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከውጭ የወፍጮ ቤቱ በር ሲከፈት ተሰማ።

«ዛሬ ፈጠነ!» አሉ አባባ።

እኔ ልሮጥ ስነሳ ስክሪኑ ጥያቄ አወጣና አንዱን እንድመርጥ ጠየቀኝ፤ ከማሽኑ ፊት መራቅ አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ ሳነብ ከኋላዬ ወንበሩ ሲጮህ ሰማሁ። ዞር ስል አባባ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው የአልጋውን ራስጌ ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። ልይዛቸው ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ማሽንሽን ያዢ!» ብለው ገሰጹኝ። መስኮቱን ገፉት፤ ያ የጠፋው ድምፃቸው ወጣ።

«አንተ ባለ ወፍጮ! ትንሽ አቆይልኝ! ልጄ እየጫነች ነው!»

«ምን እየጫነች ነው?» አለ ባለ ወፍጮው፣ ደንግጦ። ድምፃቸውን ከሰማ ስንት ጊዜው።

«ዘጠና ስምንት!»

«ዘጠና ስምንት ጆንያ? ስንት በቅሎ ቢኖራችሁ ነው?»

አባባ ሳቁ። መስኮቱን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም የምነካውን ቁልፍ እስክስት ሳቅኩ። ባለ ወፍጮው ባይገባውም ቆየልን። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ፣ ዜማውን አሰማ፣ ደብዛዛ ፊቱን አሳየ። ዳማውን ጫንኩ፤ ተከፈተ። አባባ ግን ወደ ስክሪኑ አላዩም። ከመስኮቱ እስከ ወንበሩ ያለውን ወለል ያያሉ። «ይኼን ሁሉ መጣሁ?» አሉኝ።

በተከታዮቹ ቀናት እንድነካላቸው አልፈቀዱም። «እጅሽን ሰብስቢ፣ አሳዪኝ እንጂ አትሥሪልኝ» ይላሉ። ማብራቱን ቻሉ፣ መዝጋቱን ቻሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰማያዊው ገጽ ሲወጣ፣ «አጉረምርም፣ እጠብቅሃለሁ» ብለው መቁጠሪያቸውን ይይዛሉ። ዳማ ሲሸነፉ ጎረቤት እስኪሰማ ይሳደባሉ። መስኮቱን ለመክፈትም ራሳቸው ይነሳሉ።

የገበያው ቀን ጋሽ ምስጋናው ከጋዝጊብላ መጡ። የድሮ የጨው መንገድ ባልንጀራቸው ናቸው፤ ማር ይዘው ሲመጡ አባባ ሁልጊዜ «ተኝተው» ስለሚቆዩአቸው ሳይጨዋወቱ ይመለሱ ነበር። በዚያ ቀን አባባ ራሳቸው ጠሯቸው። እኔ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስለካ ድምፃቸው ይመጣል።

«ቁጭ በል። ይቺ ማውስ ናት፤ አትነክስም።»

«ሁሴን፣ ይኼ ነገር ሰው ነው ወይስ ጂኒ?»

«ዳማ ተጫዋች ነው። ይሉኝታ የለውም። ግፋ!»

ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ሳጥን ላይ ሲመክሩ፣ «ወዲህ፣ ወዲህ!» ሲባባሉ አመሹ። ጋሽ ምስጋናው ሲወጡ እኔን አቀፉኝና፣ «ልጄ፣ ወንድሜን መለስሽልኝ» አሉኝ። ገብቼ ሳይ አባባ አዲስ ጨዋታ ጀምረዋል፤ ተራው የእሳቸው ነው።

«ከድጃ፣ ነይ ተቀመጪ። ሰይድ የቀጠረሽ አውቶብስ ነገ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይኼን ማሽን ለብቻዬ አስነሳዋለሁ። መስኮቱ ድረስም ለብቻዬ እሄዳለሁ፤ ኢንሻአላህ ነገ ደግሞ በሩ ድረስ። እንግዲህ ለኔ ብለሽ አትቀሪም። ለኔ ብለሽም አትሄጂም። ሰይድ የሚፈልገውን አውቀናል። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አፌ ተያዘ። ትምህርቴን ሳቋርጥ፣ ሱቁን ስረከብ፣ ፓስፖርቱ ሲወጣ፣ ሁሉም የሆነው ሳልጠየቅ ነው፤ እኔም ልጠየቅ እንደሚገባ አላውቅም ነበር። አባባ ማውሱን ለቀቁ። ተራቸውን ሳይጫወቱ፣ «እንዴ፣ ተናገሪ እንጂ» ሳይሉኝ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

«እዚሁ ሆኜ…» አልኩ በመጨረሻ፣ «ይኼን መሥራት እፈልጋለሁ።»

«ዳማ?»

«አይ አባባ፣ መጫን!»

ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ለወንድምሽ ደውይ» ብለው ወደ ጨዋታቸው ዞሩ። ወዲያው ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ።

ለሰይድ ከሱቁ ስልክ ደወልኩ። ተቆጣ። «ያ ሁሉ ልፋት!» አለ። ስለ መስኮቱ ስነግረው ግን ቁጣው በረደ። «ቆሙ?» አለ። «ብቻቸውን?» ደግሜ ነገርኩት። በኋላ፣ «በይ፣ ደሴ ለአንድ ነገር ስትመጪ የሚጠቅምሽ መጽሐፍ እፈልግልሻለሁ» አለኝ።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ሱቃችን ግማሹ ጨርቅ፣ ግማሹ ኮምፒውተር ሆነ። ያን ድምፅ የነሳንን ሊኑክስ ሌላ ማሽን ላይ እየጫንኩ እያፈረስኩ ተማርኩበት፤ ድምፁንም አስተካከልኩት። ከደሃናም ከፃግብጂም የመጡ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ኪቦርድ የነኩት እኔ ዘንድ ነው። አባባም በከዘራ ሱቁ በር ድረስ ለመውጣት በቁ፤ ከማሽኑ ጋር የለመዱትን ዳማ በጓደኞቻቸው ላይ ተወጡት። ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥሩ ሽማግሌ ሆነው፣ ጥሩ ሞት ሞቱ፤ አልሐምዱሊላህ።

ሰው ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ «የቱን ልጫንበት?» ሲለኝ ስለ ጉልበቱና ስለ አዲስነቱ ከማውራቴ በፊት፣ «ማን ነው የሚጠቀምበት? ምን ይወዳል?» እላለሁ። አንዳንዱ ይገረማል፤ እናቴ ናት የምትጠቀመው፣ ምን እንደምትወድ ግን እንጃ የሚለኝ አለ። ሂድና ጠይቃት ብዬ እመልሰዋለሁ።

እናንተም ቤት ለበጎ ተብሎ መንገዷ ሳትጠየቅ የተወሰነላት ልጅ ካለች፣ ከመሳፈሯ በፊት አስቀምጣችሁ ጠይቋት። ጠይቃችኋት ዝም ብላ ብትቆይ ደግሞ አትቸኩሉባት፤ ተጠይቃ ስለማታውቅ ነው።